አጥሩ ላይ ስለተጻፈው ቃል፦ ለክለባችን ቦርድና ለደጋፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክለባችን የሥራ አመራር ቦርድ፣
ለደጋፊዎች ማኅበር፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜዳው ዳር ለማትጠፉ የባሕር ዳር ሰዎች፤

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሜዳችን አጥር ላይ በከሰል የተጻፈ ቃል አየሁ። «ከሃዲ» ይላል። ስም አልተጻፈበትም፤ ለማን እንደሆነ ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ብስክሌቴን አቁሜ በውኃና በጨርቅ ልፈገፍገው ሞከርኩ። ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ እስከ ዛሬ አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ያልለቀቀው ግማሽ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

የክለባችንን ስም እዚህ አልጠቅስም። የሄዱበትን ክለብም ሆነ የእርሳቸውን ስም እንዲሁ። የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁ ደግሞ ጉዳዩ ይበቃችኋል። በእጃቸው ያደግን ልጆች ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ።

ጋሼ ለአሥራ ሰባት ዓመት ምክትል አሠልጣኛችን ነበሩ። አሁን ለተቀናቃኛችን በዋና አሠልጣኝነት ፈርመዋል። ከእኛ ሜዳ እስከዚያኛው ሜዳ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ቢሄዱ ኖሮ ሸኝተናቸው፣ ፎቶ ተነሥተን፣ «መልካም ዕድል» ብለናቸው ነበር። የሄዱት አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ስለሆነ ብቻ ከሃዲ ተባሉ።

እኔ በታዳጊ ቡድኑ የግራ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። ጉልበቴ ተጎድቶ ኳስ ካቆምኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬ የሒሳብ መምህር ነኝ። የማኅበሩን መዋጮ ግን አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። በተቀናቃኛችን በተሸነፍንባቸው ቀናት እራት ሳልበላ ከሚያድሩት አንዱ ነኝ። የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

ምክትል አሠልጣኝ ምን እንደሚሠራ ከተመልካች ቦታ አይታይም። ቅዳሜ የምናየው ዋናው አሠልጣኝ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ሲጮህ ነው፤ ከኋላው ተቀምጦ የሚጽፈውን ሰው ልብ የሚለው የለም። እኛ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እናውቃቸው ነበር። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የጣና ቅዝቃዜ ገና ሳይለቅ፣ የኳሱን ከረጢት ከብስክሌታቸው ኋላ በገመድ ጠፍረው ይመጣሉ። ኮን በሌለን ዘመን የውኃ ፕላስቲክ በአሸዋ እየሞሉ ይደረድሩልን ነበር። ኳሶቹን ከልምምድ በፊት ይቆጥራሉ፤ ከልምምድ በኋላም ይቆጥራሉ።

አንድ ቀን ከሐይቁ አጠገብ ስንለማመድ አንዱ ልጅ የመታው ኳስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነፋስ ይዞት ሄደ። ልጁ አለቀሰ። የክለቡ ኳሶች ስድስት ብቻ ነበሩና ማልቀሱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ውኃው ውስጥ ገቡና በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ ተጣሩ። ሰውየው ኳሱን በመቅዘፊያው እየገፋ እስኪያመጣላቸው ድረስ እዚያው ቆሙ። ሲመለሱ ልጁን አልተቆጡትም። «ስትመታ የቆምክበት እግር ወዴት ያይ ነበር?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አሰበና «ወደ ሐይቁ» አለ። «እንግዲህ ኳሱም የታዘዘበት ነው የሄደው» አሉት። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የቆመበትን እግር ሳያስተካክል ኳስ መትቶ እንደማያውቅ ይምላል።

ለእኔ ያስተማሩኝ ሌላ ነበር። ፈጣን የክንፍ ተጫዋች በመጣብኝ ቁጥር እታለል ነበር። «ኳሱን አትመልከት፤ እግሩንም አትመልከት፤ ወገቡን ተመልከት» አሉኝ። «እግር ይዋሻል። ወገብ ግን ሰውየው የሚሄድበትን ሳይደብቅ ይነግርሃል።» ይህን አንድ ነገር ሦስት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ ከልምምድ በኋላ ሃያ ደቂቃ ለብቻዬ እያስቀሩ አሠሩኝ። ለዚያ ሃያ ደቂቃ የከፈላቸው ማንም የለም።

ደብተሮቻቸውንም ላንሣ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፤ በየዓመቱ አንድ ይሞላሉ። የተጋጣሚ የማዕዘን ምት አሰላለፍ በእርሳስ ተሥሎበታል። ከዚያ በሚቀጥለው ገጽ ላይ የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ዳግም እንዳያመው ስንት ሳምንት ማረፍ እንዳለበት ተጽፏል። ወጌሻ ባልነበረን ዓመታት የክለባችን የጤና መዝገብ ያ ደብተር ነበር። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ጊዜ ልጆቹን ይዘው ሲወርዱ እንኳ ቁስል ያለበትን ልጅ ውኃው ውስጥ እንዳይገባ የለዩት ከደብተራቸው አይተው ነው።

ስታዲየማችን ውስጥ አብረን ያየነውን ጨዋታ አልረሳውም። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፉበት ቀን ነው። ከተማው በሙሉ ወደዚያ ተምሟል፤ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ሰውም ከጎናችን ነበር። ሁላችንም ስንዘል ጋሼ የሚያዩት ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ነበር። «ምን ይታይዎታል ጋሼ?» አልኳቸው። «ምክትሎቹን» አሉኝ። «ዋናው ሲጮህ እነርሱ ተቀያሪውን ያዘጋጃሉ። ጎል ሲገባ ሁሉም ይደሰታል፤ እነርሱ ግን ቀጣዩን አምስት ደቂቃ ነው የሚያስቡት።» ያኔ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። ስለ ራሳቸው ሕይወት እየነገሩኝ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቦርዱ ልመለስ።

ክቡራን የቦርድ አባላት፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰባት ዋና አሠልጣኞች ቀጥራችኋል። ከእናንተ በፊት የነበሩትም አሉበት፤ ሁሉንም ለእናንተ አላሸክምም። አራቱ የተሰናበቱት በውድድር ዘመኑ መካከል ነው። አራት ጊዜም ጋሼን ጠርታችሁ «ሰው እስኪገኝ ድረስ ያዙልን» ብላችኋል። ያዙላችሁ። ሦስተኛውን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ ልንወርድ አፋፍ ላይ ነበርን። ጋሼ ተቀብለው፣ ሁለት ልጆች ከታዳጊው አሳድገው፣ ከመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች አብዛኛውን በአንድ ጎል ልዩነት እያሸነፉ አተረፉን። በማግስቱ ሳምንት አዲስ ዋና አሠልጣኝ አስተዋወቃችሁ። በዚያ የትውውቅ ፕሮግራም ላይ ወንበር ይደረድሩ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ወንበሩን የሚደረድር ሰው ስላልነበረ ነው። እኔ ግን ያንን ዓይቼ ወደ ቤቴ የገባሁት ተሸማቅቄ ነው።

አዲሱ አሠልጣኝ የራሱን ረዳት ይዞ ሲመጣ ጋሼን አንድ ጊዜ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ፣ ሌላ ጊዜ ቡድን መሪ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ስም የሌለው ሥራ ላይ አደረጋችኋቸው። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) «ሲ» የአሠልጣኝነት ላይሰንስ የወሰዱት ከራሳቸው ኪስ ከፍለው ነው። ከዚያ በላይ ያለውን «ቢ» ለመማር የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «ለምክትል ይህ ምን ያደርጋል?» የሚል ነበር። ይህን የሰማሁት ከእርሳቸው አይደለም፤ እርሳቸው እስከ ዛሬ ስለ ማናችሁም ክፉ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። የሰማሁት በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረ ሰው ነው።

በግንቦት ወር ደግሞ ደብዳቤ ጻፉላችሁ። ደሞዝ ይጨመርልኝ አላሉም። የጠየቁት በዋናው አሠልጣኝ ላይ ያልተንጠለጠለ፣ በራሳቸው ስም የሆነ የሁለት ዓመት ውል ነው። ዋናው በተሰናበተ ቁጥር ምክትሉም ዕጣ ፈንታውን ቆሞ የሚጠብቅበት አሠራር እንዲቀር ነው የጠየቁት። ደብዳቤው «ታየ» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰ። ታየ፣ ተነበበ፣ መልስ አላገኘም። በሐምሌ ተቀናቃኛችን ውል ይዞ መጣ። እንግዲህ ከሃዲው ማን ነው?

ከሐይቁ ማዶ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ምሳሌ አለ፤ ቦርዱ ቢያውቀው እወዳለሁ። ቦብ ፔይዝሊ ሊቨርፑልን በተጫዋችነት የተቀላቀለው በፈረንጆቹ 1939 ነው። መጫወት ሲያቆም ወጌሻ ሆነ፣ ተጠባባቂዎቹን አሠለጠነ፣ በመጨረሻም የቢል ሻንክሊ ምክትል ሆነ። ሻንክሊ በ1974 ድንገት ሲለቅ ክለቡ ከውጭ ሰው አላመጣም፤ እዚያው ያረጀውን ሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ፔይዝሊ በዘጠኝ የውድድር ዘመን ስድስት የሊግ ዋንጫና ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ አመጣ። ክለባችን ሊቨርፑል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አጠገብ ያለን ሰው ማየት ብቻ ይበቃል።

ደጋፊዎች ሆይ፣ ለእናንተም የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም ከሰሉን ያነሣው እጅ ከመካከላችን ነው።

ከእናንተ ግማሾቹ የአርሰናል ማሊያ ለብሳችሁ ነው ሜዳ የምትመጡት። ሚኬል አርቴታ ከየት መጣላችሁ? ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ በማንቸስተር ሲቲ የጋርዲዮላ ምክትል ነበር፤ በ2019 ታኅሣሥ ወደ አርሰናል ሄደ። በቀጣዩ ሐምሌ በእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ (ኤፍኤ ካፕ) ግማሽ ፍጻሜ ያንኑ ሲቲን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ያን ቀን በዲኤስቲቪ ቤቱ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኻችኋል። ለለንደን ልክ የሆነው ነገር ለባሕር ዳር ክህደት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሌላም ታሪክ አለ፤ ይኼኛው ያስፈራኛል። ብራያን ክላፍና ፒተር ቴይለር የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ነበሩ። ክላፍ ዋና፣ ቴይለር ምክትል። ክላፍ ራሱን የሱቅ መስኮት፣ ቴይለርን ደግሞ ከኋላ ያለ ዕቃ አድርጎ ይናገር ነበር። ደርቢ የሚባለውን ክለብ በፈረንጆቹ 1972፣ ኖቲንግሃም ፎረስትን በ1978 የሊግ ሻምፒዮን አደረጉ፤ ከፎረስት ጋር በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ አነሡ። በ1982 ቴይለር ደከመኝ ብሎ ከፎረስት ለቀቀ። ያው ዓመት ሳያልቅ ግን በዋና አሠልጣኝነት ወደ ተቀናቃኙ ደርቢ ተመለሰ። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢራራቁ ነው። በጥር 1983 የቴይለር ደርቢ የክላፍን ፎረስት በኤፍኤ ካፕ 2 ለ 0 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ቴይለር አንድ የፎረስት ተጫዋች ለክላፍ ሳይነግረው ወሰደ፤ ክላፍም ተቆጣ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ቴይለር በ1990 ሞተ። ክላፍ የሄደው ወደ ቀብሩ ነው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሰባት ዓመት ዝም ተባብለው የኖሩትን ሁለት ሰዎች አያለሁ። እኛ ደግሞ የምንኖረው ሁሉም ሰው በአንድ ጎዳና በሚገናኝበት ከተማ ነው። ጋሼን በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ እናገኛቸዋለን። በገበያ እናገኛቸዋለን። በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ያን ጊዜ «ከሃዲ» ብሎ የጻፈው ልጅ ዓይኑን ወዴት ያደርጋል?

ፍርሃታችሁን አልንቅም። ጋሼ ምሥጢራችንን ያውቃሉ። አጥቂያችን በየትኛው እግሩ መዞር እንደሚከብደው፣ ግብ ጠባቂያችን ከፍ ብላ ለምትመጣ ኳስ እንደሚዘገይ፣ የማዕዘን ምት ስንመታ ማን ወደ ቅርቡ ቋሚ እንደሚሮጥ፣ ሁሉንም ያውቃሉ፤ አብዛኛውን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ሊያሸንፉን ይችላሉ። ካሸነፉን ያመኛል። ግን ያ እውቀት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በእኛ እጅ ነበር፤ ዋጋውን ያወቅነው ሌላ ሰው ሲከፍልበት ነው።

ጋሼ፣ ለእርስዎም አንድ ነገር ልናገር፤ ማድላት እንዳይሆንብኝ። ሳይሰናበቱ መሄድዎ ልክ አልነበረም። የአሥራ ሰባት ዓመት በታች ልጆች ወሬውን የሰሙት ከስልክ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት መጥተው፣ ኳስ የሚያመጣ ሰው አጥተው፣ እስከ ሁለት ሰዓት ቆመው ተመለሱ። አንዱ የተማሪዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ታኬታውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ይህን በአካልም ነግሬዎታለሁ፤ አንገትዎን ደፍተው ሰሙኝ። አሁን በአደባባይ የምጠይቅዎ ከልጆቹ ማንንም በዚህ የውድድር ዘመን እንዳይወስዱብን ነው። ልጆቹ ከተጠሩ ይመጣሉ፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። አይጥሯቸው።

ወደ ቦርዱ ስመለስ፣ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ የሠራተኛው ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈሉ ያዛል። የጋሼ የሁለት ወር ደመወዝ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ያው አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ አገልግሎት ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል። ጋሼ ፈቃድ ወጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ክረምት ላይ እንኳ የሰፈር ልጆችን ሰብስበው ያሠለጥኑ ነበር። ሒሳቡን ሠርታችሁ ክፈሏቸው። የሥራ ልምድ ወረቀታቸውንም ስጧቸው፤ በወረቀቱ ላይ አራት ጊዜ ዋና አሠልጣኝ ሆነው እንደመሩን ይጻፍበት። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ብትጽፉትም ግድ የለኝም፤ አራቱ ግን እንዳይቀሩ።

ቀጥሎ የምትቀጥሩት ምክትልም የራሱ ውል ይኑረው። ጋሼ በግንቦት የጻፉት ደብዳቤ ረቂቅ ሊሆናችሁ ይችላል፤ ከፋይሉ አውጡት።

የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ ትልልቆቹን ቡድኖች በሜዳቸው በየሳምንቱ ማየት ቀርቷል። ለዚህ ሰፈር ልጅ በየሳምንቱ በዓይኑ የሚያየው፣ በእጁ የሚነካው ኳስ የእኛ ዓይነት ትንንሽ ክለቦች ኳስ ነው። ስለዚህ ጋሼ አዲሱን ቡድናቸውን ይዘው ወደ ሜዳችን በሚመጡበት ቀን ያ ልጅ የሚያየው ነገር ያሳስበኛል። ማኅበሩ ያን ቀን ከጨዋታው በፊት ሁለት ደቂቃ እንዲወስድ እጠይቃለሁ። ንግግር አያስፈልግም። አምበላችን የእኛን ማሊያ ይስጣቸው፤ እኛም እናጨብጭብ። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ እንዲሸነፉ የፈለጋችሁትን ያህል ጩኹ፤ እኔም እጮኻለሁ። አጥሩን ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ በኖራ እንቀባዋለን። ኖራውን እኔ ገዝቻለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ነኝ፤ ብሩሽ ያለው ይምጣ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጋሼ በፈረሙ ማግስት ማታ ቤቴ መጥተው ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለማስረከብ ቢሮ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው የሚረከባቸው ሰው አጥተዋል። ቁልፉን፣ አሥራ ሰባቱን ደብተሮችና በእጃቸው የተጻፈ የንብረት ዝርዝር እኔ ዘንድ አስቀመጡ። ዝርዝሩ ላይ ኳስ አሥራ አራት፣ ኮን ሠላሳ፣ ማሊያ ሁለት ሙሉ፣ የኳስ መንፊያ አንድ ይላል። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ሄጄ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው፣ አንድም አልጎደለም። የሚረከብ ሰው ላኩ። ርክክቡ ግን በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ ጋሼ ባሉበት ይሁን።

የክለቡ የቀድሞ ታዳጊ ተጫዋችና የደጋፊዎች ማኅበር አባል
ባሕር ዳር